በጣም ርካሽ ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት

ፎቶ ማንሳት ልትጀምሩ አስባችሁ በጣም ርካሽ የሆነ አዲስ ዲጂታል ካሜራ ዓይናችሁ ከገባ፣ መጀመሪያ ይህችን አንብቡ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የሜጋፒክስል ቁጥር አያታላችሁ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ ትንሽ ነው። 48 ሜጋፒክስል የሚባለው ብዙ ጊዜ ካሜራው ምስሉን በሶፍትዌር ለጥጦ የሚያመጣው ነው። ፋይሉ ይከብዳል እንጂ ፎቶው አይጠራም። ፎቶውን አጉሉና ፀጉር ወይም ቅጠል ላይ ተመልከቱ፤ መስመሩ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ቀለም ተለውሶ ታገኙታላችሁ። ዲጂታል ዙምም ያው ነው፣ ምስሉን ቆርጦ ማጉላት። የሚጠቅመው ኦፕቲካል ዙም ነው፤ ሌንሱ ራሱ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጀማሪ መማር ያለበት ብርሃንን መቆጣጠር ነው። የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ርዝመት) እና አፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባው የሌንስ ቀዳዳ ስፋት) በእጅ የማይቀየሩበት ካሜራ ይህን አያስተምርም። አንዳንዶቹማ ፎከሳቸው እንኳ ቋሚ ነው፤ አበባ ቀረብ ብላችሁ ብታነሱ ይደበዝዛል። እንዲህ ከሆነ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ በስንት ጣዕሙ!

ትንሽ ጨምራችሁ ያገለገለ ካኖን ወይም ኒኮን ፈልጉ፣ ማኑዋል ሞድ (ሹተሩንና አፐርቸሩን በእጅ መቀየሪያ) ያለው። ከመክፈላችሁ በፊት አፐርቸሩን አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። ባትሪውና ቻርጀሩ አብረው መኖራቸውንም እዩ፤ ለቆየ ሞዴል ባትሪ ማግኘት ያስቸግራል።