የተቀመጠ ጠመንጃ ለምን ይዝጋል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፈቃድ የተያዘ ጠመንጃ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ሲከርም ዝገት የሚበላው ስለተረሳ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ስለተሸፋፈነ ነው። ሽፋኑ የውጭውን እርጥበት ቢከለክልም፣ ውስጥ የቀረውን መውጫ ያሳጣዋል።

በማኅደሩ እንዳለ መቆለፍ። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ይመስለኛል። ቆዳ እርጥበት ይስባል፤ ከማልፋቱ የተረፈው ኬሚካልም ብረት ይጎዳል። ስፖንጅ ያለው ሻንጣም ያው ነው። ማኅደር ለጉዞ ነው፤ ቤት ሲገቡ ያውጡት።

አፈሙዙን በጨርቅ መወተፍ። አቧራ ይከላከላል ተብሎ ነው። ጨርቁ ግን እርጥበቱን መጥጦ እዚያው ይይዘዋል። ረስተው ከተኮሱ ደግሞ አፈሙዙ ሊፈነዳ ይችላል።

ሳያጸዱ ዘይት መቀባት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የአንዳንድ አሮጌ ጥይቶች መለኮሻ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ሲተኮስ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። ይህ ጨው ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላል። ዘይት ጨው አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ጥይት ከተተኮሰ መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ እስኪደርቅ ይወልወል፣ ከዚያ ዘይት ይቀባ።

ዘይት ማብዛት። ትርፉ ቁልቁል ይወርድና የእንጨቱን ሰደፍ ያለሰልሰዋል። ስስ ሽፋን ይበቃል። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የሚረጭ ቅባትም ውሃ ለማባረር ጎበዝ ነው እንጂ ለዓመታት ጥበቃ አይታመንም። ለረጅም ጊዜ ወፈር ያለ መከላከያ ግሪስ ይሻላል፤ ከመተኮስ በፊት ግን አፈሙዙ ውስጥ ጭራሽ መቅረት የለበትም።

ከቀቡ በኋላ በባዶ እጅ መነካካት። ላብ ጨው አለው። በጓንት ወይም ዘይት በነካ ጨርቅ ይያዙት።

ከብርድ አምጥቶ ወዲያው መቆለፍ። ቀዝቃዛ ብረት ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፣ አንዳንዴም ለዓይን በማይታይ መጠን። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠብቁ፣ ይወልውሉ፣ ከዚያ ይቆልፉ።

ሲሊካ ጄልን (እርጥበት መጣጭ ጠጠር) ጥሎ መርሳት። እርጥበት ከጠገበ በኋላ ጥቅም የለውም። ብርቱካናማው ዓይነት ወደ አረንጓዴ ሲቀየር ጠግቧል ማለት ነው። ምድጃ ውስጥ በ120 ዲግሪ ገደማ ጥቂት ሰዓት ሲደርቅ እንደገና ይሠራል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ያስቀምጡ። ከ40 እስከ 50 በመቶ ጥሩ ነው፤ በጣም ከደረቀ ደግሞ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ጥይቱ ቀድሞ መውጣቱን፣ ለብቻው መቆለፉንም አይርሱ።