የአይሱዙ የኋላ መብራት ሲያብድ

ቫልቮላ (ፊውዝ) እና አምፖል አይታችሁ ነው የመጣችሁት ብዬ ልጀምር።

ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል አንድ አምፖል ሞቷል። አራቱም ፍሬቻ አብረው እየሠሩ ግራና ቀኙ ለየብቻ እምቢ ካሉ፣ ፍላሸሩን (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገውን ዕቃ) ከመጠርጠር በፊት መሪው ስር ያለችውን ማብሪያ እዩ። ፍሬን ሳይረገጥ ስቶፕ (የፍሬን መብራት) ካልጠፋ፣ ከፔዳሉ ጋር ያለችው ስዊች ናት። አምፖሉን በኤልኢዲ የቀየረ ፍላሸሩንም ይቀይር።

አሁን ወደ ዋናው። ፍሬቻ ስታበሩ ትንሹ መብራት አብሮ ብልጭ ይላል። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው ደንዝዞ ይቆማል። ስቶፑ እንደ ሻማ ይፈዛል። ይሄ የማሳ፣ የኤሌክትሪኩ መመለሻ፣ ብልሽት ነው። ሁልጊዜ ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ኤሌክትሪኩ በሽቦ መጥቶ የሚመለሰው በመኪናው ብረት ነው። መመለሻው ሲዘጋበት በጎረቤት አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋል። ያልተጠራው መብራት የሚበራው ለዚህ ነው።

አዳማ ላይ ይሄ በሽታ የሚበዛበት ምክንያት አለው። ከአፍዴራ ጨው የጫነ ብዙው በዚህ ያልፋል። ከብት የሚጭኑትማ የባሱ ናቸው። ሽንቱ ከካሶኒው ወለል ተንጠባጥቦ ማሳውን ይበላዋል።

አንድ የከብት አይሱዙ ሹፌር ሦስት ፍላሸር ቀይሮ መጣ። «ጋሼ፣ አራተኛውን ይግጠሙልኝ» አለኝ፣ ከነካርቶኑ ይዞ። አልገጠምኩም። ረጅም ሽቦ ከባትሪው ኔጋቲቭ ስቤ የመብራቱን ማሳ ነካሁበት። ሁሉም ቀጥ አለ። የማሳውን ሽቦ ሳወጣው ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ፈረሰ። «ይቺ ናት?» አለ። አዎ፣ ይቺ ናት። ሌላው ደግሞ መኪናውን ቀለም አስቀብቶ በማግስቱ መጣ። ቀቢው የማሳውን ቦታም አሳምሮ ቀብቶለታል!

አሠራሩ ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ብሎኑን ፍቱ። ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። የተበላውን ሽቦ ቁረጡትና ጤነኛው ጋ አዲስ ጫፍ ግጠሙ። ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገብታችሁ አጥብቁ። ግራሶ የሚቀባው ከጠበቀ በኋላ፣ ከላይ ነው። እኔ በአሮጌ መኪና የካሶኒውን ላሜራ አላምንም። ከሁለቱም መብራቶች ወፍራም ሽቦ ስቤ በቀጥታ ሻንሲው (የመኪናው ዋና አጥንት) ላይ አስረዋለሁ።

ደግሞ እባካችሁ፣ ይሄ መኪና 24 ቮልት ነው። የቤት መኪና 12 ቮልት አምፖል ስትከቱበት ወዲያው ይቃጠላል። ባለ ሁለት ክሩ፣ ባለ 21 እና 5 ዋቱ፣ ሁለቱ ጆሮዎቹ እኩል አይደሉም። እምቢ ካለ አዙሩት እንጂ በጉልበት አትክተቱ። ርካሹ የመብራት ቤት ውስጥ አምፖሉን የምትነካው ምላስ በወሩ ትለሰልሳለች። ቫልቮላ በሲጋራ ብር ወረቀት የሚጠቀልል ሰው እኔ ጋ አይምጣ! ሽቦው ሁሉ ቀልጦ ተጣብቆ አይቻለሁ። ካሶኒው ሲበየድም ባትሪው ይነቀል።

ስትጨርሱ ትንሹን መብራት፣ ፍሬንና ፍሬቻ ሦስቱንም ባንዴ አብሩ። አንድ በአንድ ከሞከራችሁት ማሳው ጥሩ ይመስላል። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ ይይላችሁ፤ «ሰላም ነው» ሲል ግን ስልኩን እያየ እንዳልሆነ በስፖኪዮ አረጋግጡ።