«ካንጋሩ» በሚለው ቃል ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ካንጋሩ» ማለት «አልገባኝም» ነው ማለት። እንግሊዛዊው መርከበኛ ጀምስ ኩክ «ይህ እንስሳ ምን ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የአገሬው ሰው «አልገባኝም» ሲል የመለሰለት ቃል የእንስሳው ስም ሆኖ ቀረ ይባላል። ወሬው ይጥማል፤ እውነት ግን አይደለም። በ1770 የኩክ መርከብ ኢንደቨር ከኮራል አለት ጋር ተላትማ ዛሬ ኩክታውን በሚባለው የአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዳርቻ ስትጠገን፣ ኩክና የዕፅዋት ተመራማሪው ጆሴፍ ባንክስ ቃሉን ከጉጉ ይሚዲር ሕዝብ ሰምተው መዘገቡት። በዚያ ቋንቋ «ጋንጉሩ» የአንድ ትልቅ የካንጋሩ ዓይነት ስም ነው። ጥርጣሬው የመጣው በ1820 ፊሊፕ ፓርከር ኪንግ የተባለ መርከበኛ እዚያው ሄዶ ሲጠይቅ ሌላ ቃል ስለተነገረው ነው፤ የሰማውም ለምግብ የሚሆን እንስሳ ሁሉ የሚጠራበት ጠቅላላ ቃል ሳይሆን አይቀርም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቋንቋ ተመራማሪው ጆን ሃቪላንድ ከተናጋሪዎቹ ጋር ሠርቶ የኩክ መዝገብ ልክ እንደነበር አረጋገጠ። ስለዚህ ያን ሕዝብ ጥያቄ እንዳልገባው አድርጎ ማውራት ይብቃ።

«በአውስትራሊያ ቋንቋ» ማለት። እንዲህ የሚባል አንድ ቋንቋ የለም፤ አውሮፓውያን ሲደርሱ ከ200 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩ ነበር። በ1788 ሲድኒ የሰፈሩት እንግሊዞች ይህን ስተው «ካንጋሩ» እያሉ የሲድኒን ሰዎች ሊያነጋግሩ ሞከሩ። ሰዎቹ ቃሉን ሰምተውት አያውቁም፤ በእነሱ ቋንቋ እንስሳው «ፓታጋራንግ» ነው። ኮልቢ የተባለው የአገሬው ሰው በመርከብ የመጡ ላሞችን ሲያይ «እነዚህ ካንጋሩ ናቸው?» ብሎ ጠይቋል። የእንግሊዞቹ ቃል መስሎት ነበር።

የሚዘለውን ሁሉ ካንጋሩ ማለት። አነስ ያሉት ዋላቢ ይባላሉ፤ ይህ ቃል ደግሞ ከሲድኒ አካባቢ ቋንቋ የመጣ ነው። ልጅ የሚያዝበት የሆድ ኪስ ያለው በሴቷ ብቻ ስለሆነ «ወንዱ ልጁን በኪሱ ይዞ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

«የካንጋሩ ፍርድ ቤት» ብሎ ቃል በቃል መተርጎም። አባባሉ አውስትራሊያዊ ይመስላል እንጂ በጽሑፍ ቀድሞ የተገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ነው። አማርኛ «የይስሙላ ችሎት» እያለው እንስሳውን መጎተት አንባቢን ከማደናገር በቀር አይጠቅምም።

«የካንጋሩ እናት እንክብካቤ» ሲባል ማዘል ማሰብ። ይህኛው ስህተት ሕፃን ሊጎዳ ስለሚችል ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ዘዴው በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው ለሚያንስ ሕፃናት በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። እኛ ልጅ የምናዝለው በጀርባ፣ በልብስ ላይ ነው። እዚህ ግን ሕፃኑ ከዳይፐር፣ ከኮፍያና ከካልሲ በቀር ራቁቱን ሆኖ በእናቱ ጡቶች መካከል፣ ደረት ለደረት፣ ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ ጭንቅላቱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ጥቂት ቀና ይላል፣ እግሮቹም እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ። ከዚያ በጨርቅ ይታሰራል። አንገቱ ወደ ደረቱ ከታጠፈ የአየር መተላለፊያው ይጠባል፤ በመሃል ልብስ ከገባ ደግሞ የእናቱ ሙቀት እንደሚገባው አይደርሰውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ አቅፎ መመለስ አይበቃም። ስሙ «እናት» ስለሚል አባት የሚከለከል የሚመስላቸው አሉ፤ እናት ስትደክም አባትም ሆነ ሌላ የቤተሰብ ሰው በዚያው አኳኋን ደረቱ ላይ ሊይዘው ይችላል።