አናፖሊስ ሄዶ ቃል ለመስጠት

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በቤቴ ሕፃናት እጠብቃለሁ። ስንት ልጅ መያዝ እንደምችል፣ ከእነርሱም ስንቶቹ ከሁለት ዓመት በታች መሆን እንደሚችሉ የሚወስነው የሜሪላንድ ግዛት ነው። መክፈል ለሚከብዳቸው ወላጆች የመዋያውን ክፍያ የሚደጉመውም እርሱ ነው። ስለዚህ እንጀራዬን የሚነካው ሕግ የሚወጣው በግዛቱ ዋና ከተማ በአናፖሊስ ነው፤ እዚያ ሄጄ መናገርም ለምጃለሁ። ጃንዋሪ በገባ ቁጥር ጎረቤቶቼና ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሰዎች «እንዴት ነው እዚያ ሄዶ የሚነገረው?» እያሉ ስለሚደውሉልኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ልጻፈው ብያለሁ።

መጀመሪያ ደጃፉን ለዩ። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ይዞ አናፖሊስ የሚሄድ ሰው መንገዱን በከንቱ ደክሟል፤ እርሱ የዋሽንግተኑ ኮንግረስ ሥራ ነው። የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድበውን ሕግ በ2023 ያወጣው ሮክቪል የሚሰበሰበው የሞንጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት ነው። መንጃ ፈቃድ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የሕፃናት መዋያ ደንብ፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር የሆነው የግዛቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን የአናፖሊስ ጉዳዮች ናቸው።

የግዛቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ቤት አለው። ላይኛው 47 አባላት ያሉት ሴኔት ነው። የታችኛው የተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን 141 አባላት አሉት። ሜሪላንድ በ47 የምርጫ ወረዳዎች ተከፍላለች፤ እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሦስት ተወካዮች ይልካል። አንዳንዱ ወረዳ ሦስቱን ወንበሮች ለንዑሳን ወረዳዎች ያከፋፍላል፤ በእኛ አካባቢ ግን ሦስቱም የሁላችንም ናቸው። በምርጫ ቀንም እስከ ሦስት ስም መምረጥ ይፈቀዳል። አንድ ስም ብቻ መርጠው በኩራት የሚመለሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁለት ድምፅ ሜዳ ላይ ጥለው መምጣታቸው ነው።

ወረዳችሁን በፖስታ አድራሻ አትገምቱ። «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚል አድራሻ ያላቸው ሰዎች በ18ኛው፣ በ19ኛው ወይም በ20ኛው ወረዳ ሊሆኑ ይችላሉ። በጠቅላላ ጉባኤው ድረ ገጽ ላይ የቤታችሁን ቁጥርና መንገድ ስታስገቡ የሦስቱ ተወካዮች ስም፣ ስልክና ኢሜይል ይወጣላችኋል። ሰው ሁሉ ሴናተሩን ማሳደድ ይወዳል። እኔ ተወካዮቹን ያዙ እላለሁ፤ ሦስት ስለሆኑ አንዳቸው ስልክ ማንሳታቸው አይቀርም።

በነገራችን ላይ፣ ልጅ ኮሌጅ የምታስገቡ ወላጆች ይህን ልብ በሉ። እያንዳንዱ ተወካይ ለወረዳው ተማሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ ገንዘብ አለው፤ ሴናተሩም እንዲሁ የራሱ አለው። ማመልከቻው ወደየቢሮአቸው ነው፤ ቀኑና የሚጠየቀው ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ስለሚለያይ ሦስቱንም ለየብቻ ጠይቁ። ከትምህርት ቤት ሳትሰሙት ልጃችሁ አራት ዓመት ተምሮ ሊጨርስ ይችላል።

ጉባኤው በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ተከፍቶ 90 ቀን ይቀመጣል፤ በኤፕሪል እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል። ብዙዎቹ ተወካዮች ሌላ መደበኛ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ በእነዚያ 90 ቀናት ውስጥ የሚያዩት የሕግ ረቂቅ ከሁለት ሺሕ በላይ ነው። ስለዚህ አዲስ ሕግ እንዲወጣ የምትፈልጉ ከሆነ ፌብሩዋሪ ላይ መሄድ ዘግይቶ መድረስ ነው። በኦክቶበርና በኖቬምበር ሰፈራቸው ውስጥ ሲገኙ፣ ረቂቁ ሳይጻፍ፣ ቡና እየጠጣችሁ ንገሯቸው። በጉባኤው ጊዜ የሚቀራችሁ የቀረበውን ረቂቅ መደገፍ፣ መቃወም ወይም ማሻሻያ መጠየቅ ነው።

ረቂቁን ሳታነቡ ግን አንድ እርምጃ አትሂዱ። በስልክ መልእክት የሚዞረው ወሬ ብዙ ጊዜ የአምናውን ረቂቅ ከዘንድሮው ጋር ያደባለቀ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቆች «ኤች ቢ»፣ የሴኔቱ ደግሞ «ኤስ ቢ» ከሚል ምልክት ጋር ቁጥር ይሰጣቸዋል። ቁጥሩን በድረ ገጹ ላይ ፈልጉ። የሕግ እንግሊዝኛ ቢያስፈራም አነባበቡ ዘዴ አለው፦ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው አዲስ የሚጨመር ነው፤ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ከነባሩ ሕግ የሚወጣ ነው፤ የተሰመረበት በኋላ በማሻሻያ የገባ ነው። ሌላውን ዝለሉትና እነዚህን ብቻ ተከተሉ።

ከረቂቁ ጋር የፋይናንስና የፖሊሲ ማብራሪያ የሚባል ሰነድ ይያያዛል። ይህን የሚያዘጋጁት የጉባኤው ባለሙያዎች እንጂ የረቂቁ ባለቤት አይደለም፤ ነባሩ ሕግ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚለወጥ፣ ስንት እንደሚያስወጣ በቀላል ቋንቋ ይናገራል። በውስጡም በትንንሽ ንግዶች ላይ የሚያመጣውን ውጤት የሚገልጽ ክፍል አለ። እኔ ንባቤን የምጀምረው ከዚያ ነው። «ውጤቱ አነስተኛ ነው» የሚል ካገኘሁና በእኔ ቤት ግን አነስተኛ ካልሆነ፣ የምናገረውን አገኘሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በተወካዮች ምክር ቤት የረቂቅ ዕጣ የሚወሰነው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ትምህርትና ግብር የሚያየው አንድ ኮሚቴ ነው፤ በጀት፣ ንግድ፣ የወንጀልና የፍርድ ጉዳይ ደግሞ ለየራሳቸው ኮሚቴዎች ይመራሉ። ኮሚቴው ያልወደደው ረቂቅ ወደ አዳራሹ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ኮሚቴው ድምፅ ከሰጠ በኋላ ፊርማ አሰባስቦ መሄድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ፊርማ መሰብሰብ ይወዳል። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት መቶ ፊርማ ካለበት ወረቀት ይልቅ የአንድ ሰው የቤት ሒሳብ ኮሚቴውን ሲያነቃው አይቻለሁ።

ኮሚቴው ስለ ረቂቁ ሕዝቡን በሚሰማበት ስብሰባ ላይ ለመናገር መመዝገብ የሚቻለው በጉባኤው ድረ ገጽ ላይ ነው። መጀመሪያ «ማይ ኤም ጂ ኤ» የሚባለውን አካውንት ክፈቱ፤ ነፃ ነው። የምዝገባው መስኮት ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከስብሰባው ሁለት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ ለአንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያልፋል፤ ደንቡም ከዓመት ዓመት ስለሚሻሻል የዘንድሮውን የኮሚቴውን መመሪያ አንብቡ። ስትመዘገቡ አቋማችሁን ትመርጣላችሁ፦ ድጋፍ፣ ከማሻሻያ ጋር ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ወይም መረጃ ብቻ። ሐሳቡን ወድዳችሁ አንድ አንቀጽ ከጎዳችሁ «ከማሻሻያ ጋር ድጋፍ» የሚለውን ምረጡ፤ ተቃውሞ የሚለውን ከመረጣችሁ ከማትፈልጓቸው ሰዎች ጎን ትቆጠራላችሁ። የጽሑፍ አስተያየታችሁንም በፒዲኤፍ አያይዙ። የተያያዘው ለማንም በይፋ ስለሚታይ የልጆችን ስም፣ የወላጅ ስልክ፣ የቤት ቁጥር አትጻፉበት።

የሚሰጣችሁ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ጋሼ የምለው አንድ የታክሲ ሾፌር ስለ መኪና ኢንሹራንስ ሊናገር ሄዶ፣ ከሱዳን በረሃ ጀምሮ የሕይወቱን ታሪክ ተረከላቸው። ደስ የሚል ታሪክ ነበር፤ ኢንሹራንሱ ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ አለቀ። እንደ አገራችን ወግ ሰላምታና ምስጋና ማስረዘምም እዚያ አይሠራም። ሊቀመንበሩን፣ ምክትሉንና አባላቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰላም በሏቸው፤ ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን ወረዳና ሥራችሁን ተናገሩ፤ የረቂቁን ቁጥርና አቋማችሁን ጥቀሱ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ አንዷ ጉዳይ ግቡ።

አንዷ ስል አንድ ማለቴ ነው። እኔ ስለ ድጎማ ክፍያ መዘግየት ስናገር ያልኩት ይህንን ይመስል ነበር፦ «ስድስት ልጆች እይዛለሁ። የሦስቱን ክፍያ የምጠብቀው ከድጎማው ነው። ክፍያው በአንድ ወር ሲዘገይ የረዳቴን ደመወዝ ከራሴ ኪስ እከፍላለሁ፤ ሁለት ወር ሲሆን ረዳቴን አሰናብቼ ሁለት ሕፃናት እመልሳለሁ። የእነዚያ ሕፃናት እናቶች በማግስቱ ሥራ አይገቡም። ረቂቁ የመክፈያ ቀን ስለሚቆርጥ እደግፋለሁ።» ስለ ማኅበረሰባችን ጥንካሬ፣ ስለ አሜሪካ ደግነት አንድ ቃል አልተናገርኩም። አንድ ተወካይ ቀና ብላ «ረዳትሽን ለመተካት ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄ ማለት ተጨማሪ ደቂቃ ማለት ነው፤ ከሰዓታችሁም አይቆጠርም። መልሱን ካላወቃችሁ «አጣርቼ ለቢሮዎ እልካለሁ» በሉ፤ ከዚያም በእርግጥ ላኩ።

ስለ አነጋገር ዘዬ የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። አትጨነቁ። ወረቀት እያዩ ማንበብ ነውር አይደለም፤ ጠበቆችም ያነባሉ። ጮክ ብላችሁ በሰዓት ተለማመዱ እንጂ ልጆቻችሁ እንግሊዝኛውን እንዲያስጌጡት አትፍቀዱ፤ ሲያስጌጡት የእናንተ ነገር ይጠፋል።

አንዳንድ ስብሰባ በኢንተርኔት ቀርቦ መናገርንም ይፈቅዳል፤ መዋያ ዘግቶ መሄድ ለማይችል ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ከተቻለ ግን በአካል ሂዱ። ከእኛ ሰፈር ቀለበት መንገዱን ይዞ በ50 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነው። የተወካዮቹ የቢሮ ሕንፃ ብሌደን ስትሪት ላይ ነው። መኪና ማቆሚያ ችግር ስለሆነ በቂ ጊዜ ጨምራችሁ ውጡ፤ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያዙ፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። ስብሰባው የሚጀመረው በአብዛኛው ከምሳ በኋላ ነው፤ የእናንተ ረቂቅ መቼ እንደሚጠራ ግን ማንም አይነግራችሁም። አጀንዳው ላይ አሥር ረቂቅ ካለና የእናንተ ዘጠነኛው ከሆነ እራታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ጊዜ ከተረፋችሁ መንገዱን ተሻግራችሁ ስቴት ሃውስን እዩት። ሥራው በ1772 የተጀመረ፣ እስከ ዛሬ ሕግ የሚወጣበት አሮጌ ሕንፃ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን በዲሴምበር 23 ቀን 1783 የጦር አዛዥነቱን ያስረከበው እዚያ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን የድሮው የተወካዮች አዳራሽ ነው፦ በ1864 በሜሪላንድ ባርነትን ያስቀረው ሕገ መንግሥት የተወሰነበት ክፍል ሲሆን፣ በ2020 የሃሪየት ተብማንና የፍሬድሪክ ዳግላስ የነሐስ ሐውልቶች ቆመውበታል። ሁለቱም በዚሁ ግዛት በባርነት ተወልደው ባርነትን የታገሉ ናቸው።

ተናግራችሁ ስትመለሱ ሥራው ገና ነው። በማግስቱ ለኮሚቴው አባላት አጭር ኢሜይል ላኩ፤ የወረዳችሁ ተወካይ ኮሚቴው ውስጥ ካለ ደውሉ። ረቂቁ ከኮሚቴው ከወጣ በምክር ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ይነበባል፤ ማሻሻያ የሚቀርበው እዚህ ላይ ነው። በሌላ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ተነብቦ ስም በስም ድምፅ ይሰጥበታል። ለማለፍ ከ141 ቢያንስ 71 ድምፅ ያስፈልገዋል። ማን ምን እንደመረጠ ድረ ገጹ ላይ ይወጣል፤ ያንን ገጽ አትሙና አስቀምጡት፤ በየአራት ዓመቱ ድምፅ ለመጠየቅ በራችሁን ሲያንኳኩ ይጠቅማችኋል።

ከተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው ወደ ሴኔት ይሻገራል፤ ለመሻገሪያ የተቆረጠ ቀን በማርች አጋማሽ ግድም አለ፤ ከዚያ የዘገየ ረቂቅ የመትረፍ ዕድሉ ይጠብባል። ሴኔቱም የራሱን ስብሰባ ስለሚጠራ ያው ወረቀት፣ ያው ሁለት ደቂቃ ይደገማል። ብዙ ረቂቅ በሁለቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ ስለሚቀርብ የ«ኤስ ቢ»ውንም ቁጥር መያዝ ይበጃል።

በኤፕሪል እኩለ ሌሊት ያላለፈ ረቂቅ ወደሚቀጥለው ዓመት አይሻገርም፤ እንደገና መጻፍና መቅረብ አለበት። እንዲህ ከሆነ በኦክቶበር ወይም በኖቬምበር ለረቂቁ አቅራቢ ደውሉና «ዘንድሮም ያቀርቡታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አምና ያስገባችሁትንም የጽሑፍ አስተያየት ላኩላቸው። በጃንዋሪ አዲስ ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ በአምናው ቁጥር አትፈልጉት።