ሁመርን (ሮቃን) ለሆድ ድርቀት ሲያዘጋጁ በአሉሚኒየም ድስት አይሁን

የሁመር ፍሬ ሥጋ ሆድ የሚያለሰልሰው በዋናነት በታርታሪክ አሲዱና በፖታሲየም ጨዉ ነው። ፍሬው ሲበስል ስኳሩ ይጨምራል፣ አሲዱ ግን ብዙም አይቀንስም፤ የበሰለው ሁመር ጣፋጭም ኮምጣጣም የሚሆነው ለዚሁ ነው።

ቅርፊቱንና ክሩን አውጥተው 2 የሾርባ ማንኪያ ሥጋ ፈልቶ ለብ ባለ 1 ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። በታጠበ እጅ አሽተው ዘሩን ይለዩና ያጥልሉት። ማታ ግማሹን ብቻ ይጠጡ። ሙሉውን በአንዴ የጠጣ ሰው ቁርጠትና ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። የተረፈው ውጭ ካደረ ይቦካል፤ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃው ላይ ነው። አሲዱ አሉሚኒየምና መዳብ እየበላ ብረቱን ወደ መጠጡ ይቀላቅላል። ብርጭቆ ወይም ስቴንለስ ይጠቀሙ።

አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስድ ሰው ግን ከሁመር ጋር አያዋህደው፤ ሁመር መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን መጠን ይጨምራል፣ ይህ ደግሞ ለጨጓራ መድማት ያጋልጣል። የስኳር ሕመምተኛም ይጠንቀቅ፣ ሥጋው ራሱ ስኳር የበዛበት ነው። ድርቀቱ ከሳምንት ካለፈ ወይም ደም ከታየ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።