የሚያንጸባርቅ የላፕቶፕ ስክሪን ዓይን እንዳያደክም

መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፉትና በተለመደው ቦታችሁ ተቀመጡ። በጠቆረው ስክሪን ላይ የሚታያችሁ መስኮት፣ አምፖል ወይም ግድግዳ ስትሠሩም እዚያው አለ፤ ዓይን የሚደክመውም ፊደሉን ከነጸብራቁ ለመለየት ሲታገል ነው።

ጠረጴዛውን አዙሩና መስኮቱን በጎናችሁ አድርጉት። ከጀርባ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያርፋል፤ ከፊት ከሆነ ብርሃኑ ራሱ ዓይን ይወጋል። የሚታየው የጣሪያ መብራት ከሆነ ክዳኑን ትንሽ ወደ ራሳችሁ መልሱት። ነጭ ሸሚዝም ያንጸባርቃል፣ ብዙ ሰው ግን አይጠረጥረውም።

ቀጥሎ ድምቀቱን አስተካክሉ። ባዶ ነጭ ገጽ ክፈቱና ከጎኑ ነጭ ወረቀት ያዙ፤ ገጹ እንደ መብራት ከደመቀ ቀንሱ፣ ግራጫ ከመሰለ ጨምሩ። ጥቁር ዳራ ዓይን ያሳርፋል ቢባልም በሚያንጸባርቅ ስክሪን ላይ ነጸብራቁን ያጎላዋል። ቀን ቀን ነጩ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ማት ስክሪን ፕሮቴክተር፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ መሸፈኛ፣ ስክሪኑ ላይ ለጥፉ። የስክሪን መጠን ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ 15.6 ኢንች፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው የሰያፍ ልክ ብቻ ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የስክሪኑን ወርድና ቁመትም ለኩ። ስክሪኑን አጥፍታችሁ በውኃ እርጥብ ባለ ማይክሮፋይበር (መነጽር መጥረጊያ ዓይነት ለስላሳ) ጨርቅ ወልውሉ፤ ሲደርቅ ከአንድ ጠርዝ ጀምራችሁ አየሩን በፕላስቲክ ካርድ እየገፋችሁ ለጥፉ። የማይወጣ እብጠት ከሥሩ አቧራ አለ ማለት ነው። ከተለጠፈ በኋላ ፊደል ጥቂት ሻካራ ይመስላል፤ ፎቶ ለሚያርም ሰው አንመክረውም።

ከዓይናችሁ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት ከ50 እስከ 70 ሴንቲሜትር ይሁን። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር እያያችሁ ዓይናችሁን ደጋግማችሁ አርገብግቡ። ድካሙ ነጸብራቅ በሌለበትም ከቀጠለ ዓይናችሁን አስመርመሩ።