ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት

መልእክቱ «እሺ» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም። ያቺን አንድ ቃል ለማንበብ ዓይኔን ከመንገዱ አነሳሁ። ቀና ስል ዜብራው ላይ ቦርሳ ያዘለ ልጅ ቆሟል። ፍሬኑን ባለኝ ኃይል ረገጥኩት። መኪናዋ ልጁ ጋ ልትደርስ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ልጁ ዓይን ዓይኔን አየኝና ሮጦ ተሻገረ። እኔ ግን ዳር ይዤ ቆምኩ። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ሰዓት መንዳት አቃተኝ።

ማታ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ፍጥነቴ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነበር። በሰከንድ 11 ሜትር ማለት ነው። ስልኩን 2 ሰከንድ አይቼ ከሆነ 22 ሜትር ያህል ዓይኔን ጨፍኜ ነድቻለሁ። በ80 ቢሆን ኖሮ 44 ሜትር። እናንተም የምትነዱበትን ፍጥነት ለ3.6 አካፍሉት። በየሰከንዱ ስንት ሜትር እንደምትሄዱ ታገኛላችሁ። እግራችሁ ፍሬን ላይ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል።

መጀመሪያ «ሁለተኛ እየነዳሁ ስልክ አላይም» ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። በሦስተኛው ቀን አፈረስኩት። ስልክ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሲጮህ እጅ ሳይታዘዝ ይሄዳል። ስለዚህ በጽናታችሁ አትተማመኑ። ነገሩን ሞተር ሳታስነሱ ጨርሱት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣለሁ። ኪስ አይሆንም፤ ሲንቀጠቀጥ ልብ ይሰርቃል። ካርታ ካስፈለገኝ መድረሻውን ቆሜ እሞላለሁ፣ ድምፁን ከፍቼ ማስቀመጫው ላይ እሰካዋለሁ፣ ከዚያ አልነካውም። መንገድ ከተሳሳትኩ የሚቆምበት ቦታ ፈልጌ ቆሜ አስተካክላለሁ። ስልኮች መልእክት የሚያግድ የመንዳት ሁነታ አላቸው። አይፎን ላይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ነው የመጣው። ለሚጽፍላችሁ ሰው «እየነዳሁ ነው» ብሎ ራሱ ይመልስላችኋል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ከባለቤቴ ጋር የተስማማነው ነገር ነው። ስንደዋወል መጀመሪያ «እየነዳህ ነው?»፣ «እየነዳሽ ነው?» እንባባላለን። መልሱ አዎ ከሆነ ደዋዩ ወዲያው ይዘጋል። የሚነዳው ሰው ለመዝጋት ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ደዋዩ ግን ይችላል።

«እኔ በጆሮ ማዳመጫ ነው የማወራው» የሚሉ ብዙ ወዳጆች አሉኝ። እኔም እል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እየነዳ በስልክ የሚያወራ ሰው ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ 4 ጊዜ ያህል እንደሚጨምር ይናገራል። እጅን ነፃ የሚያደርገው መሣሪያም ብዙም እንደማይሻል ያስጠነቅቃል። ምክንያቱም እጃችሁ መሪው ላይ ቢሆንም ሐሳባችሁ ወሬው ጋ ነው። አንድ ጊዜ ከወንድሜ ጋር ስለ አንድ የቤተሰብ ጉዳይ እየተከራከርን ነዳሁ። ቤት ደርሼ ሞተር ሳጠፋ ያለፍኳቸው መብራቶች ቀይ ይሁኑ አረንጓዴ አንዱንም አላስታውስም። ያ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው መንገዱን አብሯችሁ ያያል፤ ነገር ሲጠብ ዝም ይላል። ስልክ ላይ ያለው ሰው ከፊታችሁ ሕፃን መግባቱን በምን ያውቃል?

«መብራት ይዞኝ እኮ ነው ያየሁት» የሚለውም አያዋጣም። በ2015 እ.ኤ.አ. የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መኪናን ወይም ስልክን በድምፅ የሚያዙ ሾፌሮችን ፈትነው ነበር። ትእዛዙ ካለቀ በኋላም የአንዳንዶቹ ሐሳብ እስከ 27 ሰከንድ ድረስ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በ40 ፍጥነት 27 ሰከንድ 300 ሜትር ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እናንተ ገና መልእክቱ ውስጥ ናችሁ።

ስልክ ብቻም አይደለም። ወንበር፣ ስፖኪዮ፣ ሬዲዮ ከመነሳታችሁ በፊት ይስተካከሉ። የውሃ ጠርሙስ መሬት ላይ አይተው፤ ተንከባሎ ፍሬን ሥር ሊገባ ይችላል። የወደቀ ዕቃ እስክትቆሙ እዚያው ይቆይ። ልጆች ከኋላ ሲጣሉ ዞራችሁ አትገላግሉ፤ ዳር ያዙና አቁሙ። በሚበላ ነገር ላይ ብዙ አልልም፦ ቆማችሁ ብሉ።

ተሳፋሪ ከሆናችሁም ዝም አትበሉ። ሾፌሩ ስልክ ሲያነሳ «ስጠኝ፣ እኔ ላንብብልህ» በሉት። አብዛኛው ሰው ይሰጣል። እምቢ ካለ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ማለት ይቻላል። እኔ ሁለት ጊዜ ወርጄ በእግሬ ሄጃለሁ።